ብየዳ ቤቱን ወደ አውድማ የሚያደርስ ጋሪ

በህዳር ወር በፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ አጨዳ ሲጀመር ሥራ የሚበዛበት አጫጁ ብቻ አይደለም። የመውቂያ ማሽን ጥርስ ሲረግፍ፣ የጋሪ ማነቂያ ሲሰበር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር የተቀመጠበት ብረት ሲሰነጠቅ መፍትሔ የሚፈለገው ከተማ ካለው ብየዳ ቤት ነው። የተሰበረው ዕቃ ቀላል ከሆነ በትከሻ፣ ከበድ ካለም በአህያ ወይም በባጃጅ ወረታ ይደርሳል። መውቂያ ማሽን ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጫን አይደለም። ስለዚህ የተጎዳው ክፍል ይፈታና ለብቻው ይወሰዳል። ተበይዶ ሲመለስ ደግሞ የብሎን ቀዳዳው አልገጥም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ማሽኑ በሌለበት በግምት የተበየደ ነውና። ይህ ሁለተኛ ምልልስ ማለት ነው።

ብየዳው ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቀኑን የሚበላው መንገዱ ነው። ታጭዶ የተከመረ ሩዝ በዚያ መሃል ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ሊያገኘው ይችላል፤ አይጡና ምስጡም አለ። ማሽኑን ተከራይቶ ተራ የሚጠብቀው ጎረቤትም አብሮ ይዘገያል። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውሃ በሞተር እየሳበ ቀይ ሽንኩርት ለሚያለማው አርሶ አደር ነገሩ የባሰ ነው። ገና የተዛወረ ችግኝ በበጋ ፀሐይ ያለ ውሃ ብዙ ቀን አይቆምም።

ይህን ምልልስ ከሚቀንሱ መንገዶች አንዱ ውድ አይደለም። ከቁርጥራጭ ብረት የሚሠራ፣ የብየዳ ማሽንን፣ ጄኔሬተርንና መሣሪያን አንድ ላይ ተሸክሞ ወደ ተበላሸው ማሽን የሚሄድ ጠንካራ የእጅ ጋሪ ነው። አሠራሩ ለማንኛውም ብየዳ የሚችል ወጣት ቀላል ይመስላል። ይሁንና ብዙ ጊዜ ተሠርቶ የሚጣለው ለከተማ ወለል ታስቦ ስለሚሠራ፣ አንዳንዴም ብረቱ ሳይመረጥ ስለሚበየድ ነው።

ከሲሚንቶ ወለል ወደ ዋልካ

በከተማ ጋራዦች የሚታየው የብየዳ ጋሪ ከታች አራት ትናንሽ ጎማዎች አሉት። በሲሚንቶ ላይ በአንድ እጅ ይገፋል። ይኸው ጋሪ ዋልካ አፈር ላይ ሲወጣ ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ይቆማል። የፎገራ ጥቁር አፈር በክረምት ያጣብቃል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ጋሪው የሚሠራው በበጋው ነውና ዋናው ጠላት ስንጥቁና የከብት ኮቴ የደረቀበት ጎርበጥባጣ ነው። ለዚህ የሚሆነው ሁለት ሰፊ ጎማ ነው።

በየከተማው በቀላሉ የሚገኘው የባጃጅ ጎማ ነው። ልኩ በጎኑ ላይ 4.00-8 ተብሎ ተጽፏል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሲገዛ ጎማው ብቻውን ሳይሆን ኩሽኔታ ካለው ማዕከሉ ጋር መሆን ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቤት ለማስቀረጽ ቶርኖ ቤት መሄድ ይመጣል። የሞተር ብስክሌት ጎማ ከፍ ስለሚል ስንጥቅ በመዝለል ይበልጣል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ ወደ ጎን የሚመጣን ጭነት አይወዱም፤ ቦይ ላይ ጋደል ሲል ይጣመማል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የባጃጅ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው። አየር እንደያዘ እነዚያን ብሎኖች መፍታት ቸርኬውን እንደ ፈንጂ ሊበትነው ይችላል። ከዚህ የባሰው ጎማው ሳይወልቅ ቸርኬውን መበየድ ነው። አየሩ ቢተነፍስ እንኳ ሙቀቱ ከጎማው የሚያወጣው ጋዝ ተቀጣጥሎ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። ቸርኬ የሚበየደው ጎማውም ከመነዳሪውም ሙሉ በሙሉ ከወጡ በኋላ ነው።

የትኛው ብረት ለየትኛው

ቁርጥራጭ ብረት ሁሉ ብረት ይባል እንጂ አንድ አይደለም። ለጋሪው ዋና ፍሬም የሚመቸው ተራው ለስላሳ ብረት ነው፤ ከበርና ከመስኮት ሥራ የተረፈ አንግል፣ ቱቦላሬ ወይም የአሮጌ አልጋ ብረት። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ከሁለት የመሃል ማገሮቹ ጋር 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር አንግል ይፈጃል። 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንግል በሜትር 2.42 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ፍሬሙ 12 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ ይሆናል። ከዚህ የወፈረ ብረት ጋሪውን ያጠነክረዋል የሚሉ አሉ፤ የሚያጠነክረው ግን የገፊውን ድካም ነው።

የብረቱን ዓይነት ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግራይንደር ላይ ለአፍታ ማስነካት ይበቃል። ለስላሳው ብረት ረጃጅምና ወጥ የሆነ ቢጫ ብልጭታ ይሰጣል። ካርቦን የበዛበት ጠንካራ ብረት ብልጭታው ጫፉ ላይ እየተሰነጠቀ እንደ አበባ ይበተናል። የጊዛ ብረት፣ ማለትም ፈስሶ የተሠራው፣ አጭርና ቀላ ያለ ብልጭታ አለው፤ ሲሰበርም ውስጡ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ባሌስትራ ጠንካራ ስለሆነ ለጋሪ ጥሩ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት ብረት ነው። በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ብየዳው ያማረ ይመስላል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ ግን እንደ መስታወት ደርቆ ይቀራል፤ አንድ ቀን ጋሪው ጉድጓድ ሲመታ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ ማሞቅና ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ ይረዳል፤ ነገር ግን ለእጅ ጋሪ ባሌስትራ ጨርሶ ባይገባ ይሻላል። አክስሉም እንዲሁ ነው። ከአሮጌ ተሽከርካሪ የወጣ አክስል ፍሬም ላይ ከሚበየድ በብሎን ቢታሰር ይመረጣል፤ በኋላ ለመቀየርም ያመቻል።

ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ ለእጀታ የሚስማማ ልኬት አለው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ግን መርዝ ነው። ጭሱን የሳበ ሰው በሥራው ሰዓት ደህና ውሎ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት መጠጣት ይከላከለዋል የሚለው በየብየዳ ቤቱ የሚነገር እምነት ነው፤ ወተት ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም። የሚበጀው ከሚበየደው ቦታ በሁለቱም በኩል ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዚንኩን ማንሳት፣ በአየር ላይ መሥራት፣ ነፋሱን ከጎን ማድረግ ነው። ዚንኩን በግራይንደር ሲያነሱም አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ከዚህ ውጭ ሁለት ነገሮች ወደ ጋሪው ጭራሽ መጠጋት የለባቸውም። አንዱ ነዳጅ የነበረበት በርሜል ነው፤ ታጥቦ ደርቋል ቢባልም በስፌቱ ውስጥ የተደበቀ ትነት አለው፤ ለመሣሪያ ሳጥን ተብሎ ሲቆረጥ ሰው ገድሏል። ሌላው ያልተከፈተ የባጃጅ ወይም የሞተር ብስክሌት አሞርቲዘር ነው። ውስጡ የታሸገ ዘይት፣ አንዳንዱም ጋዝ ስላለው ሙቀት ሲነካው ይፈነዳል።

ሚዛኑ

ፍሬሙ ሲገጣጠም መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አይበየድም። አራቱ ማዕዘኖች በነጥብ በነጥብ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለካል። ለ120 በ70 ፍሬም ሁለቱም ሰያፎች 139 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ፍሬሙ ገና በመዶሻ ይታረማል፤ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ግን የሚታረምበት መንገድ የለም። አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ከመሄድ ይልቅ ተቃራኒ ማዕዘኖችን እያፈራረቁ መበየድ ሙቀቱ ብረቱን እንዳይጎትተው ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚመጣውና በብዙ ጋሪዎች ላይ የሚሳሳተው የአክስሉ ቦታ ነው። ጄኔሬተሩ፣ የብየዳ ማሽኑ፣ ገመዱ፣ መሣሪያውና 20 ሊትር ውሃው ተደምረው 150 ኪሎ ግራም ሆኑ እንበል። እጀታው ከአክስሉ 120 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና የጭነቱ መሃል ከአክስሉ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ገፊው ቢያዘነብል፣ ገፊው በእጁ የሚያነሳው 25 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ያው ጭነት 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ 50 ኪሎ ግራም ይሆንበታል፤ አንድ ጤፍ የሞላ ግማሽ ኩንታል ተሸክሞ መሄድ ማለት ነው። ጭነቱ ልክ አክስሉ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ምንም ክብደት ወደ እጅ አይመጣም፤ ግን ጋሪው ቁልቁል ሲወርድ ወደ ፊት ይደፋል። ስለዚህ አክስሉ ከመበየዱ ወይም ከመታሰሩ በፊት ጭነቱን ባዶ ፍሬም ላይ ደርድሮ ከሥሩ ቧንቧ እያንከባለሉ ሚዛኑን መፈለግ የአንድ ሰዓት ሥራ ሆኖ የብዙ ዓመት ድካም ያስቀራል።

ጋሪው ሲቆም የሚያርፍበት እግር ጫፉ ሹል መሆን የለበትም። 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ ከሥሩ ቢበየድለት አፈሩ ውስጥ አይሰምጥም። በጎኑ ላይ ገመድ የሚጠቀለልበት ሁለት ቀንድ፣ ኤሌክትሮድ ከእርጥበት የሚጠበቅበት ክዳን ያለው ቧንቧ ቢኖረው የሚባክን አይደለም። እርጥበት የገባበት ኤሌክትሮድ ብየዳውን እንደ ወንፊት ያበሳሳዋል።

ከማሽኑ ዓይነት አንጻር ምርጫው ግልጽ ነው። በመዳብ የተጠመጠመው ነባሩ የትራንስፎርመር ብየዳ ማሽን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው፤ ለጋሪ የሚሆነው 10 ኪሎ ግራም የማይሞላው ኢንቨርተር ነው። ጄኔሬተር ሲታሰብ ደግሞ ነጋዴው የሚነግረው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፒር ይፈልጋል፤ ባለ 3.2 ሚሊ ሜትሩ ከ90 እስከ 130። በ90 አምፒር መሥራት ከጄኔሬተሩ 4 ኪሎ ቮልት አምፒር የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለ 5 ጄኔሬተር በቀጭኑ ኤሌክትሮድ በደንብ ይሠራል፤ በወፍራሙ ግን ያቃስታል። ያቃሰተ ጄኔሬተር ቮልቴጁ እየወረደ ኢንቨርተሩን ይጎዳል። ጄኔሬተሩ ሲነሳም ሆነ ሲጠፋ የብየዳ ማሽኑ መዘጋት አለበት።

ይህን ጋሪ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ብስክሌት ኋላ አስሮ በአስፋልት መጎተት አይሞከር። ፍሬን የለውም፤ መብራትም የለውም። ለረጅም መንገድ ተጭኖ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ወደ ማሳው ያለውን ይገፋል።

አውድማ ላይ እሳት

ብየዳ ቤቱ ወደ አውድማ ሲመጣ ብልጭታውም አብሮ ይመጣል። የብየዳና የግራይንደር ብልጭታ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። በአውድማ ዙሪያ ያለው ደግሞ የደረቀ የሩዝ ገለባና ክምር ነው። ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ የመጣ ጋሪ የዓመቱን እህል ሊያቃጥል ይችላል ማለት ነው፤ ይህን አቅልሎ የሚያይ የብየዳ ባለሙያ ጋሪውን ባይሠራው ይሻላል።

ስለዚህ የተበላሸው ማሽን ከክምሩ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ሲቻልም ከዚያ በላይ ይርቃል፤ ነፋሱ ወደ ክምሩ የሚነፍስ ከሆነ ቦታው ይቀየራል ወይም ሥራው ይቆያል። መሬቱ ይጠረግና ውሃ ይረጫል። ውሃው ጄሪካንና ሁለት የራሱ ጆንያዎች ጋሪው ላይ ቋሚ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል፤ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ውሃ እሳት አያጠፋም። ብየዳው ካለቀ በኋላ ጋሪው ወዲያው አይሄድም። በገለባ ውስጥ የተደበቀ ፍም ቆይቶ ስለሚነሳ አንድ ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እዚያው ሊቆይ ይገባል። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ሲሆን መያዣው ከብየዳው ቦታ ይርቃል።

ሁለተኛው የማሳ አደጋ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሮዱ ብረት ሳይነካ ማሽኑ በርቶ ሲቆይ ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ እስከ 80 ሊደርስ ይችላል። ደረቅ ጓንትና ጫማ ላደረገ ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም። መስኖ ቦይ ውስጥ ባዶ እግሩን ቆሞ የውሃ ሞተር ለሚበይድ ላቡ የወረደ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ከእግር ሥር የሚነጠፍ ደረቅ ጣውላ የጋሪው አካል ተደርጎ ቢቆጠር ተገቢ ነው።

ከጥገናው ዕውቀት ውስጥ በከተማ ብዙም የማይታሰብ፣ ማሳ ላይ ግን ማሽን የሚያድን አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው የብየዳ ገመድ መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ እዚያው ክፍል ላይ መያዝ አለበት። የመውቂያውን ከበሮ ጥርስ እየበየዱ መቆንጠጫውን ፍሬሙ ላይ ማሰር ማለት ኃይሉ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ ኩሽኔታው ውስጡ ይበሳሳና ከሳምንት በኋላ ይጮሃል። አርሶ አደሩም ብየዳው ጥሩ ነበር፣ ማሽኑ ግን አርጅቷል ብሎ ይተወዋል። ጥርስ ሲተካም አዲሱ ክብደቱ ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር መቀራረብ ይኖርበታል፤ በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ የሚሽከረከር ከበሮ ትንሽ መበላለጥ ብቻ ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቺንጊያው ይወልቃል።

ብረቱ ከየት ይምጣ

በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ አጥር ጥግ ሣር የወጣባቸው አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች፣ የተሰበሩ የውሃ መሳቢያ ሞተር ፍሬሞች፣ እግራቸው የወለቀ ጠረጴዛዎች ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላትም እንዲሁ። ይህ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ማንም ተነስቶ የሚቆርጠው አይደለም፤ በኮሚቴ ተቆጥሮ፣ ተገምቶ፣ በሕጉ መሠረት ይወገዳል። ችግሩ ማስወገዱ ሲዘገይ ወይም ሁሉም በአንድ ጥቅል ለጨረታ ሲወጣ ነው። ጥቅሉን የሚገዛው አቅም ያለው የከተማ ነጋዴ ይሆንና አንግሉም ቸርኬውም በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ይጫናል። ከዚያው ወረዳ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በብየዳ ሠልጥኖ የወጣው ወጣት ደግሞ ያንኑ ብረት ከከተማ ሱቅ በአዲስ ዋጋ ይገዛል። ሕጉን ሳይነኩ ዕቃውን በትናንሽ ጥቅል ከፋፍሎ ለጨረታ ማቅረብ የወረዳ ኃላፊዎች ዛሬውኑ ሊያስቡበት የሚችሉ ነገር ነው።

የብረቱ ምንጭ ሌላም ጥያቄ አለው። የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ማማዎችን ብረት እየፈታ የሚሸጥ ሌባ በሀገሪቱ በተደጋጋሚ የሚዘገብ ጉዳይ ነው። የማማ ብረት ዚንክ የተቀባ፣ ወጥ ልክ ያለው፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ አንግል ነው፤ ለጋሪ ፍሬም የተፈጠረ ይመስላል። እንዲህ ያለ ብረት በርካሽ ሲቀርብ ዝም ብሎ መግዛት ሌብነቱን መደገፍ ነው፤ ገዢውንም በሕግ ያስጠይቃል። ከቆራሌውም ሆነ ከብረት መደብር ሲገዛ የሻጩን ማንነት መያዝና ደረሰኝ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው። የድልድይ አጥርና የመንገድ ምልክት ምሰሶም በዚሁ ይታያል።

ጋሪው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚቀረው የሥራ አደረጃጀት ነው። ለአንድ ወጣት ጄኔሬተርም፣ ኢንቨርተርም፣ ጋሪም በአንድ ጊዜ ማሟላት ይከብዳል። በማኅበር የተደራጁ ሁለት ሦስት ወጣቶች ግን አንዱ ከተማ ያለውን ብየዳ ቤት ይዞ ሌላው ጋሪውን ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ሊዞር ይችላል። የመውቂያ ማሽን የሚያከራዩ ማኅበራትና ባለሀብቶች ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ከአጨዳው በፊት ውል ቢይዙ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ለዚህ መገናኛው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ማሽኖቹ ወደ ማሳ ከመውጣታቸው በፊት፣ በጥቅምት፣ ጋሪው በየማሽኑ ደጃፍ ቢዞር ደግሞ ብዙው ስንጥቅ ገና ፀጉር ሳያክል ይገኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራ ጋሪ ጭነቱን ይዞ ከብየዳ ቤቱ ደጃፍ ሳይሆን ከአንድ የታረሰ ማሳ ዳር እስከ ሌላው ዳር ተገፍቶ መሞከር አለበት። ከዚያ ይገለበጥና እያንዳንዱ ብየዳ በብርሃን ይታያል፤ የአክስሉ ብሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ። ቀለም የሚቀባው ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው፤ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናልና።